«የአባቶቻችን ጋብቻ» የትኛው ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ ትዳር ጉባኤ በተዘረጋ ቁጥር ደጋግማችሁ የምትሰሙት አነጋገር አለ። «እንደ አባቶቻችን ብንጋባ ኖሮ ትዳር እንዲህ በቀላሉ አይፈርስም ነበር» ይባላል። በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም ይህን የሚሉ ሽማግሎች ብዙ ናቸው። አንዳንድ ባል ይህንኑ ቃል ሚስቱን ዝም ለማሰኘት ይጠቀምበታል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ በተለይ ከእኛ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል፣ «የአባቶች ጋብቻ የሴት ልጅ ባርነት ነበር» ብሎ አክሊሉንም ቁርባኑንም አብሮ ይጥላል። ሁለቱ ወገኖች የተቃረኑ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የአባቶቻችንን ጋብቻ አንድ ዓይነት፣ ከጥንት እስከ ትናንት ሳይለወጥ የኖረ አድርገው ያስባሉ። ታሪኩን ስንመረምር ግን ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችው ጋብቻ ሌላ፣ አብዛኛው ሕዝብ የኖረበት ሌላ፣ ሕግ አውጪው የጻፈውም ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህን ያልለየ ወጣት የእርሻውን ቤት ልማድ የወንጌል ትእዛዝ ነው ብሎ ይሸከማል፤ ወይም ወንጌሉን የእርሻ ቤት ልማድ መስሎት ይጥላል።

ቁርባን፣ ሰማንያ እና ደመወዝ

ቀድሞ በክርስቲያኑ ሕዝብ ዘንድ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ይታወቅ ነበር። የመጀመሪያው የቁርባን ጋብቻ ነው። ተጋቢዎቹ በካህን ጸሎት ተባርከው ሥጋውን ደሙን አብረው ይቀበላሉ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ፈቃድ መለያየት የለም። ሁለተኛው ሰማንያ የሚባለው ነው። ሽማግሎች ይቀመጣሉ፣ ዋሶች ይጠራሉ፣ በንጉሡ ስም ይማላል፣ ለጎጆው የተሰጠው ከብትና ንብረት ይቆጠራል። ካህን ተገኝቶ ሊመርቅ ይችላል፤ ይሁን እንጂ የሰው ውል ነውና በሽማግሌ እንደ ታሰረ በሽማግሌ ይፈታል። ሦስተኛው የደመወዝ ጋብቻ ሲሆን፣ ከቤቱ ርቆ የሚቆይ ነጋዴ ወይም ወታደር ለሴቲቱ በወር ወይም በዓመት የሚከፈል ዋጋ ቆርጦ የሚኖርበት ጊዜያዊ ኑሮ ነበር።

ልብ በሉ፤ ከሦስቱ ሕዝቡ በብዛት የኖረበት ቁርባን ሳይሆን ሰማንያ ነበር። በወጣትነታቸው በቁርባን የሚጋቡት በዋነኛነት ዲያቆናት ነበሩ፤ ካልመነኮሱ በቀር ያለ እርሱ ወደ ቅስና አይደርሱምና። ከእነርሱ ሌላ ጥቂት መኳንንትና በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ነበሩ። ብዙዎች በሰማንያ ተጋብተው፣ ወልደው፣ ልጆቻቸውን ድረው፣ ጉልበታቸው ሲደክምና የመለያየት ሐሳብ ከልባቸው ሲወጣ በንስሐ ቀርበው ይቆርቡ ነበር። ዛሬ በየአጥቢያችን በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ሙሽሮች ተክሊል ሲደርስላቸው ማየት ለእኛ የተለመደ ነው፤ ለቅድመ አያቶቻችን ግን፣ ሙሽራው የካህን ልጅ ካልሆነ፣ እንግዳ ነገር ይሆንባቸው ነበር። ሥርዓቱ ጥንታዊ ነው፤ የሕዝቡ ልማድ ግን አዲስ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይህን ስታውቁ ልታዝኑ አይገባም። እናንተ የምትጀምሩበትን ቦታ ብዙዎቹ አያቶቻችሁ የደረሱበት በሽምግልና ነው።

ይህ የቅርብ ዘመን ብልሽት እንዳይመስላችሁ። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ሀገራችን የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ያየውን ጽፏል። ጋብቻ በውል እንደሚታሰር፣ ውሉን ያፈረሰ የሚከፍለው መቀጫ እንደሚወሰን፣ መለያየትም ቀላል እንደ ነበረ ይናገራል። በአንጻሩ ጳጳሱ አቡነ ማርቆስ ራሳቸው ሙሽሮችን ሲባርኩ ተመልክቷል። ከአንድ ሚስት በላይ ያገቡ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ምሥጢር ይለዩ እንደ ነበረም መዝግቧል። አልቫሬዝ የውጭ ሰውና የሌላ እምነት ካህን ስለሆነ ሁሉን እንደ ወረደ አንቀበለውም፤ በዚህ ላይ ግን ምስክርነቱ ከራሳችን ታሪክ ጋር ይስማማል። ቤተ ክርስቲያን መለኪያዋን ዝቅ አላደረገችም፤ ሕዝቡም ወደ መለኪያው አልወጣም። በመካከል የተፈጠረውን ክፍተት የሞላው ከቁርባን መራቅ ነው። በሕፃንነት ቆርቦ፣ ጎልማሳ ሆኖ ርቆ፣ አርጅቶ መመለስ በሕዝባችን ዘንድ እንደ ደንብ የተቆጠረበት አንዱ ምክንያት፣ በእኔ እምነት፣ ይህ የጋብቻ ታሪክ ነው። ቅዳሴ አስቀድሰን ሳንቆርብ ስንመለስ ከኃጢአታችን ጋር አብሮ አንድ የቆየ የትዳር ልማድም እየጎተተን እንደሆነ ልናውቅ ይገባል።

ከእንጦጦ ማዶ

ነገሥታቱ ይህን ክፍተት ያውቁት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከእቴጌ ተዋበች ጋር በቁርባን ጸንተው ኖሩ፤ ሠራዊታቸውም ቁባቶቹን ትቶ በሕግ እንዲጋባ ማዘዛቸው ተመዝግቧል። ትእዛዙ ግን ከእርሳቸው በኋላ ሥር አልሰደደም።

ለእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚቀርበው የዐፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ትዳር ነው። ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል ምኒልክን ከማግባታቸው በፊት ከአንድ በላይ ትዳር አልፈዋል። ምኒልክም ከወይዘሮ ባፈና ጋር ለዓመታት ኖረው ተለያይተዋል። ይህ በዚያ ዘመን የሚያስነውር አልነበረም፤ የሰማንያ ዓለም እንዲህ ነበር። በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ ሰሞን ግን ሁለቱ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆርበው ተጋቡ። ከዚህ ጋብቻ ልጅ አልተገኘም። አልጋ ወራሽ የሚፈልግ ንጉሥ በሰማንያ ቢጋባ ኖሮ ሽማግሌ ጠርቶ ለመፍታት ይህ ከበቂ በላይ ምክንያት ይሆነው ነበር። ምኒልክ አልፈቱም። ጣይቱ በዐድዋ ዘመቻ አብረው ዘመቱ፤ ንጉሡ በጽኑ ሲታመሙም ከአልጋቸው አጠገብ አልተለዩም። በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡና ባላቸውን እያስታመሙ እንዲቀመጡ ሲፈርዱባቸው፣ ሥልጣኑን ወሰዱባቸው እንጂ ሚስትነቱን ሊወስዱባቸው አልቻሉም። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ወጥተው በማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ኖሩ፤ በየካቲት 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። የሱሉልታ ልጆች፣ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የምታቋርጡት ተራራ ይህ ነው። ስለ ቁርባን ጋብቻ ለማስተማር ከሩቅ ሀገር ምሳሌ መፈለግ ሳያስፈልገን አይቀርም ብዬ ብዙ ጊዜ እገረማለሁ፤ ከራሳችን ጋራ ላይ አለና።

የእርሻው ቤት

አሁን ወደ ባልና ሚስት ድርሻ እንምጣ። ብዙዎቻችን «የሚስት ሥራ ይህ ነው፣ የባል ሥራ ያ ነው» ስንል ከመጽሐፍ ያገኘነው ይመስለናል። አብዛኛው ግን የመጣው ከበሬ፣ ከማረሻና ከወፍጮ ነው። በደጋው እርሻ ወንድ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ይወቃል፤ ሴት ታርማለች፣ ትፈጫለች፣ ውኃና እንጨት ትሸከማለች፣ ትጋግራለች፣ ትጠምቃለች፣ ጥጥ ትፈትላለች። በእጅ ወፍጮ የቤተሰብ እህል መፍጨት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አያቶቻችሁን ጠይቁ። የሞተር ወፍጮ ወደየገጠሩ ሲደርስ የኢትዮጵያን ሴት ኑሮ ከብዙ ንግግር ይልቅ ለውጦታል። እንዲህ ባለ ቤት ሥራ መከፋፈል የሕይወት ጉዳይ ነበር። የሚያርስ ወንድ የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ የምትፈጭለት ሴት የሌለችው ወንድም እህሉ በጎተራ እያለ ይራባል።

ይሁንና በዚያው ቤት ሴቲቱ መብት የለሽ አልነበረችም። በሰሜኑ የርስት ሥርዓት መሬት ከአባትም ከእናትም በኩል ለወንድም ለሴትም ይወርዳል። ያገባች ሴት የባሏን ስም አትወስድም፤ ርስቷም ርስቷ ሆኖ ይቀራል። ስትፈታ ይዛው የምትመለሰው ነገር ነበራት፤ የባልም አንደበት በዚህ ይገራ ነበር። በእኛ አካባቢ በቱለማ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ሥርዓቱ የተለየ ነበር። መሬቱ በአባት ዘር ይወርዳል፣ የሙሽራው ወገን ገበራ ይሰጣል፣ ሙሽራዋም ወደ ባሏ ዘመዶች መንደር ትሄዳለች። ወላጆች በሽማግሌ ተጠያይቀው ከሚፈጽሙት ጋብቻ ሌላ፣ ልጅቱ በራሷ ፈቃድ ወደ ወጣቱ ቤት ሄዳ የምትገባበት አሴና ነበረ፤ ጠለፋ የሆነው ቡቲ ነበረ፤ ባሏ የሞተባትን ሴት የሟች ወንድም የሚወርስበት ዻላም ነበረ። እንግዲህ በዛሬው የቡራዩ አጥቢያ አጠገብ ለአጠገብ ቆመው የሚያስቀድሱ ሁለት ሰዎች «አባቶቻችን» ሲሉ አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም።

በሁለቱም ዘንድ ግን ልጆቹ ብዙ ጊዜ አልተጠየቁም። ሴት ልጅ ገና በልጅነቷ ትታጫለች፤ ባሏን በሠርጓ ዕለት የምታይበት ጊዜም ብዙ ነበር። እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች? በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በዓረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጹ ስለ ጋብቻ ይደነግጋል፤ የሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ከሌለበት ጋብቻው እንደማይጸናም ያስተምራል። ስለዚህ ልጅን ያለ ፈቃዷ መዳር «የጥንት ክርስቲያናዊ ባህል» ተብሎ ሲጠራ ስትሰሙ፣ ጥንታዊነቱን አትካዱ፤ ክርስቲያናዊነቱን ግን ጠይቁ። ካህናት በቤተ ዘመድ ድግስ ላይ ተቀምጠው ይህን ሳይናገሩ ያለፉበት ጊዜ ቀላል አልነበረም፤ ለእኛ ለአገልጋዮች የሚከብደውም ይህ ነው።

የሕጉ መንገድ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመላው ሀገር አንድ የተጻፈ የጋብቻ ሕግ አመጣ። በክብር መዝገብ፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ሁሉ እውቅና ሰጠ፤ የጋብቻ ዕድሜን ለወንድ 18፣ ለሴት 15 አደረገ። ባል የቤተሰቡ አለቃ እንደሆነ፣ ሚስትም በሕግ በተፈቀደው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ፣ ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለም የቤቱን ሥራ ልትሠራ እንደምትገደድ ደነገገ። ብዙ ሰው ይህን የአባቶች ሕግ ነው ይላል። ረቂቁን ያዘጋጁት ግን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሚስት ለባሏ መታዘዝ አለባት የሚል አንቀጽም እ.ኤ.አ. በ1804 በወጣው በናፖሊዮን የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነበረ፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1938 ሰርዛዋለች። ሐሳቡ ለሀገራችን ባህል እንግዳ ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን እንደ ወርቅ የምንጠብቀው ሁሉ ከሊቃውንቱ ጉባኤ ቤት አልወጣም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር፣ መሬት ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ ያለ ጾታ ልዩነት እንዲሰጥ አዝዞ ነበር። በተግባር ግን በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ብዙውን ጊዜ የሰፈረው የአባወራው ስም ነው። ያም ሆኖ ልጅ ጎጆ ለመውጣት የአባቱን ርስት የመጠበቅ ግዴታው ላላ፤ የአባትም የመዳር ሥልጣን አብሮ ላላ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተጋቢዎች በጋብቻ ጊዜም በፍቺ ጊዜም እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አደረገ፣ ቤተሰብን የመምራት ኃላፊነትንም ለሁለቱ እኩል ሰጠ። የኦሮሚያ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 69/1995 አወጣ፤ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለላችሁ የሦስቱ ከተሞች ነዋሪዎች የምትዳኙት በዚህ ነው። በቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት መንገድ ነበረ፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን መንገድ ዘጋው። ይህን ስሰማ የማዝነው ዓለማዊው ሕግ በመቅደሙ ነው። ያለ ፈቃድ ጋብቻ እንደሌለ የሚናገረው ፍትሐ ነገሥት በመደርደሪያችን ላይ ለዘመናት ነበረ።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ዛሬ የእርሻው ቤት ከዓይናችን ፊት እየፈረሰ ነው። በሱሉልታ ሜዳ ሣር ያጭድ፣ ላም ያረባ የነበረው ገበሬ መሬቱ ለፋብሪካና ለመኖሪያ ተወስዶ ካሳ ተቀብሏል፤ ልጁ ሲያገባ የሚቆርስለት ጋሻ መሬት የለውም። በሰበታ መንገድ ንጋት ላይ ብትወጡ የአበባ እርሻውንና የፋብሪካውን ሰርቪስ የሚጠብቁ ወጣት ሴቶችን ታያላችሁ። በቡራዩ አንድ ክፍል ተከራይተው ከሚኖሩት ሙሽሮች አንዱ ከጎጃም፣ አንዷ ከወለጋ መጥተው በመዝሙር ክፍል የተዋወቁ ይሆናሉ። እናቷ ሩቅ ናት፤ አራስ ስትሆን የሚያርሳት ዘመድ የለም። ሽማግሌ ሲላክም የሚሄዱት የንስሐ አባቱና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ታላላቆች ናቸው። የአንዳንዱን ቤት ኪራይ የምትከፍለው ዓረብ ሀገር ያለች እኅት ናት።

በእንዲህ ያለ ቤት ባልና ሚስት ሁለቱም ሠርተው ማታ ይመለሳሉ። ሁለቱም ደክመዋል። ከዚያ በኋላ ልጁን ማን ያጥባል? እራቱን ማን ያቀርባል? ባልየው «የአባቶቻችን ሥርዓት» ብሎ ቢቀመጥ የሚያስታውሰው አባት በዚያ ሰዓት ሙሉ ቀን ሲያርስ ውሎ የመጣ፣ ሚስቱም በቤት የዋለች ሰው ነበረ። የሥራው ግማሽ ተለውጦ ሌላው ግማሽ እንዳለ ከቀረ፣ ሚስቲቱ የሁለት ዘመን ሸክም ትሸከማለች። ይህን ሥርዓት ማለት አይቻልም።

«ነገር ግን ሐዋርያው ባል የሚስት ራስ ነው ብሏል» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። አዎን፣ ብሏል። ኤፌሶን 5ን ግን ከ22ኛው ቁጥር ሳይሆን ከ21ኛው ጀምራችሁ አንብቡ፤ እርስ በርስ ስለ መገዛት ይጀምራልና። ራስነቱም በክርስቶስ ተመስሏል፤ ክርስቶስ ደግሞ ራስነቱን ያሳየው በመስቀል ላይ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ክፍል ሲተረጉም ባሎችን አጥብቆ ይይዛቸዋል። አገልጋይን በፍርሃት ማሠራት ይቻል ይሆናል፤ የሕይወት ባልንጀራን፣ የልጆችን እናት ግን በማስፈራራትና በዛቻ ማሰር እንደማይገባ፣ ይልቁንም ስለ እርሷ ሺህ ጊዜ ለመቆረጥ መዘጋጀት እንደሚገባ ያስተምራል። ይህን የተናገረው አባታችን በ407 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያረፈ ነው፤ ዘመን አመጣሽ ትምህርት ሊባል አይችልም። ሥርዓተ ተክሊሉንም አስተውሉት። አክሊሉ ሁለት ነው፤ ለሙሽራውም ለሙሽሪትም ይደፋል። ቅብዐ ቅዱሱ፣ ቀለበቱ፣ ሥጋ ወደሙ ለሁለቱም ነው። ማን እንጀራ እንደሚጋግር፣ ማን ገንዘብ እንደሚያመጣ የሚወስን ጸሎት በመጽሐፈ ተክሊሉ ውስጥ የለም።

ለወጣቱ ወገን ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የቀድሞው ቤት ሲፈርስ ልቅነትን እንደ ነፃነት የሚቆጥር አለ። «አብረን እንኑር፣ ከተስማማን በኋላ እናየዋለን» የሚለው ኑሮ አዲስ ግኝት መስሎ ይቀርባል፤ ከደመወዝ ጋብቻ የሚለየው ግን ቢያንስ ዋስና የተቆረጠ ውል የሌለው በመሆኑ ነው። በዚያ ዘመን የተጎዳችው ሴቲቱ ነበረች፤ ዛሬም ልጅ ይዛ የምትቀረው እርሷው ናት። ከዚህ በተቃራኒ ሠርጉን ለተክሊል ሳይሆን ለቪዲዮ የሚያዘጋጁ አሉ። የሦስት ዓመት ደመወዝ በአንድ ቀን አዳራሽ ፈስሶ፣ በማግሥቱ ሙሽሮቹ በብድር ኑሮ ሲጀምሩ፣ በቤታቸው የሚሰማው የመጀመሪያው ጠብ ስለ ገንዘብ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ።

በመጨረሻ ስለ ወላጆቻችሁ። በየአጥቢያችን ሃያና ሠላሳ ዓመት በሰማንያ ወይም በማዘጋጃ ቤት ፊርማ ተጋብተው፣ እናንተን አሳድገው፣ ሳይቆርቡ የሚኖሩ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ልጆቻቸው በተክሊል ሲያገቡ በደስታ ያለቅሳሉ፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ግን ከቁርባኑ ርቀው በዐውደ ምሕረቱ ይቆማሉ። አያቶቻችን የሄዱበት መንገድ ለእነርሱም ክፍት ነው። ለንስሐ አባታቸው ቀርበው፣ ንስሐ ገብተው፣ የታዘዘላቸውን ቀኖና ፈጽመው በቁርባን መጽናት ይችላሉ። አክሊሉ ለደናግል ነውና ለእነርሱ አይደፋላቸውም፤ ሥጋውና ደሙ ግን ያው ነው። ብዙዎቹ የሚያፍሩት «በዚህ ዕድሜ ሰው ምን ይለናል» ብለው ነው። ለመጠየቅ የሚቀላቸው ሰው በቤታቸው ያለ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። መጪው ጾም ከመግባቱ በፊት አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ አንሡላቸው፤ እንደ ልጅ፣ በትሕትና፤ ከተስማሙም ወደ ንስሐ አባታቸው አብራችኋቸው ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። ይቆየን።